እጅ ያልነካው ጌም

ብዙ ተቋማት ሥራ ይጀምሩና ሳይጨርሱት ይቀራሉ። የጨዋታዎች ምዘናና ክብር ጽሕፈት ቤት ግን ከእነዚህ ሁሉ የላቀ ነው። ያልተጀመረ ሥራ በክብር እንዴት እንደሚጠናቀቅ በተግባር ያሳየ፣ ሊጎበኝና ሊመሰገን የሚገባው ተቋም ነው። በየዓመቱ ከሚቀርቡለት ቪዲዮ ጌሞች ምርጡን ለይቶ በሰፊ አዳራሽ፣ በታላላቅ እንግዶች ፊት ይሸልማል። ለአሸናፊው የሚሰጠው ዋንጫ ወደ ላይ የተዘረጋ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ምንም አይነኩም። አንዳንድ ሰው ቀራፂው እጁን የሚያስጨብጠው ነገር ጠፍቶት ነው ይላል። ነገሩን የሚያውቁ ግን ዋንጫው የጽሕፈት ቤቱን ዋና መርሕ እንደሚያሳይ ይረዳሉ። መርሑም፣ ለምዘና የቀረበን ጌም ዳኛ በእጁ አይነካም የሚል ነው።

ይህ መርሕ እንዲያው ከሰማይ አልወረደም፤ ሕይወት ተከፍሎበታል። በመጀመሪያው ዓመት የዳኞች ኮሚቴ ተሰይሞ፣ የሕግ አማካሪው ጆይስቲኩን አንስቶ አንዱን ቁልፍ ቢጫን፣ ስክሪኑ ላይ ገደል አፋፍ ቆሞ የነበረ አንድ ወታደር ዘሎ ገደል ገባና ሞተ። ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ቤተሰብም ይኑረው አይኑረው አልታወቀም፤ በኮሚቴው እጅ መሞቱ ግን ሊካድ አልቻለም። የኅሊና ጸሎት ተደረገ። አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። አጣሪ ቡድኑም የሞቱን ምክንያት በሚገባ ለማጣራት ያንኑ ቁልፍ እንደገና ተጫነ፤ ወታደሩ እንደገና ሞተ። ከዚያ በኋላ የሚጣራ ነገር ስላልነበረ መርሑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

«ሳይጫወቱ እንዴት ይፈርዳሉ?» የሚል ተራ ሰው አይጠፋም። የሕግ አማካሪው ለዚህ ያዘጋጀው መልስ ነበረው። ሌባ ላይ የሚፈርድ ዳኛ የግድ መስረቅ አለበት ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ጠያቂውም ሌባውና ጌሙ በምን እንደተገናኙ እያሰበ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ቴክኒሻኑ ጌሙን ይከፍተዋል፤ ከዚያ ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስክሪኑን ያያል። አብዛኛው ጌም ደግሞ ዝም ሲሉት ዝም አይልም። የሚነካው ካጣ በራሱ ጊዜ ማስታወቂያውን ማሳየት፣ መተኮስ፣ መኪና መንዳት፣ ራሱን ማሞገስ ይጀምራል። ኮሚቴው በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ የገመገመው ይህንኑ ማስታወቂያ ነበር፤ ጌም ከዚህ ሌላ ነገር አለው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

የዚህ ተቋም ተጠባባቂ ኃላፊና የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ይደር ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቻቸው ናቸው። ምን ዓይነት ጉዳይ ቢቀርብላቸው በጥሞና ያዳምጣሉ፣ ያደንቃሉ፣ መነጽራቸውን ያወልቁና «ይደር» ይላሉ። የቢሮው መጋረጃ በእሳት የተያያዘ ቀን እንኳ «ይደር» ብለዋል ተብሎ ይወራል። ይህ የጠላት ወሬ ነው፤ ያን ቀን ያሉት «ነገ በጠዋት እንየው» ነው። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡበት ቀን ጀምሮ የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከስማቸው ፊት ያለችው «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ተነሥታ ቋሚ ኃላፊ መሆን። ከእሳቸው በኋላ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች በተጠባባቂነት የተሾሙ ሹመታቸው ጸድቋል፤ የጸደቀላቸውም ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸው ከወንበሩ ጫፍ አልተንቀሳቀሱም።

ከእሳቸው የባሰ የሰለቻቸው ባለቤታቸው ነበሩ። «ሰው አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ወንበር ሲለቀቅ ይቀመጣል» ይሏቸዋል እራት ላይ። «ልጆችህ አድገው ወለዱ። አንተ እስካሁን ምንህን እንደምትጠብቅ እኔ ለልጅ ልጆቼ ማስረዳት አቃተኝ።» ጋሽ ይደር ጎረሱ።

የዘንድሮው ዓመት ግን ተስፋ ይዞ መጣ። ሁሉም «ትልቁ ሰው» እያለ የሚጠራቸው የበላይ አለቃ በሽልማቱ ዝግጅት ላይ በአካል እንደሚገኙ ተነገረ። ጸሐፊያቸውም ለጋሽ ይደር፣ ዝግጅቱ ያለ እንከን ካለፈ ትልቁ ሰው ሹመታቸውን እዚያው መድረክ ላይ ያጸድቁላቸዋል ብሎ ጆሯቸው ውስጥ ሹክ አላቸው። ጋሽ ይደር ይህን ለባለቤታቸው ነገሩ። ባለቤታቸው ለጎረቤት ነገሩ። ጎረቤቱም ገና ሳይነጋ «እንኳን ደስ ያለዎት» ስላለ፣ ጋሽ ይደር ከእንግዲህ ወዲያ ባይጸድቁ ሰፈር መቀየር እንደሚኖርባቸው ገባቸው።

እናም ለዘንድሮው ምዘና ልዩ ጥንቃቄ ተደረገ። የመጀመሪያው ጌም የጦርነት ነበር፤ ዝም ሲሉት መድፍ መተኮስ ጀመረ። የሕግ አማካሪው ጆሮውን ይዞ፣ ጦርነቱ በማን ፈቃድ እንደተጀመረ ስለማይታወቅ ውድቅ ይሁን አለ። ሁለተኛው የመኪና እሽቅድምድም ነበር። መኪኖቹ ዞረው ዞረው የተነሡበት ቦታ ሲመለሱ ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ፣ ይህ ነገር የአንድን መሥሪያ ቤት አሠራር ለመንካት የታሰበ ይመስላል ስላለች እሱም ወደቀ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ድመት ከጣራ ጣራ ትዘላለች። ጣራዎቹ የማን እንደሆኑ አልተገለጸም ተባለ።

ከዚያ አራተኛው ተከፈተ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ የባለጉዳይ መጠበቂያ ክፍል ታየ። ግድግዳው አመድማ ነው። ከመስኮቱ ውጪ ዝናብ ይዘንባል። ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ያለውን የተዘጋ በር ያያል። ከሥር «ለመጀመር ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። ኮሚቴው ጠበቀ። ሰውየውም ጠበቀ። ማስታወቂያ የለ፣ ተኩስ የለ፣ ራስን ማሞገስ የለ። ሻይ መጥቶ ተጠጣ፤ ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። በማግስቱ ሲገቡም እዚያው ነበር።

ያን ቀን የተነገረው ዓይነት ውዳሴ በጽሕፈት ቤቱ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። የሕግ አማካሪው፣ ትእዛዝ ሳይሰጠው ምንም የማያደርግ ጌም ማየቱን እንደ ዕድል ቆጠረው። ጽሑፉ ይጫኑ ቢልም አያስገድድም፤ ይለምናል፤ ይህም ትሕትና ነው አለ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ፣ ዝናቡ እንኳ ሰው ሳያስቸግር ከውጪ ብቻ መዝነቡን አስተዋለች። ጋሽ ይደር ግን ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቀርተው ከሰውየው ጋር ትንሽ ተቀመጡ። ሰው ወንድሙን እንደሚያይ አዩት።

ጌሙን የሠራችው ሴት ተጠርታ ቢሮ መጣች። ከሹራቧ እስከ ነጠላዋ ጥቁር የለበሰች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ የተቀመጠች፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ጋሽ ይደር ማሸነፏን በወግ አበሠሯት። እሷ ግን አመስግና ስታበቃ አንድ እንግዳ ጥያቄ አመጣች።

«እስከ የት ደረሳችሁ?»

«በየትኛው ረገድ?»

«ጌሙ ላይ። ሰውየው የት ሲደርስ ተዋችሁት?»

«እኛ?» አሉ ጋሽ ይደር፣ ቅር ብሏቸው። «ኧረ ዓይናችንን አልነቀልንለትም። አግዳሚው ላይ ነው ያለው። ደኅና ነው።»

ሴትዮዋ ቁልፍ እንዳልተነካ ስትረዳ፣ ሽልማቱ ቢቀርባት ግድ እንደሌላት፣ የምትፈልገው አንድ ሰው ብቻ ጌሙን እስከ መጨረሻው ተጫውቶ እንዲያይላት መሆኑን ነገረቻቸው። ጋሽ ይደር መርሑን አስረዷት፤ ወታደሩንም አነሱላት። ደግሞስ የራሷን ሥራ ራሷ ለምን አትጫወተውም?

«መጨረሻውን የሠራው ባለቤቴ ነው» አለች። «እኔ አላየሁትም።»

ጋሽ ይደር እንግዲያው ባለቤቷም ከመጀመሪያው ረድፍ ወንበር ይያዝለት አሉ። አይመጣም አለች። ሥራ የበዛበት ሰው መሆኑን ተረድተው አዘኑለት። ግን እንዴት፣ አብራ የሠራችውን ጌም መጨረሻ ሳታየው ቀረች?

«ይደር እያልኩ» አለች።

ጋሽ ይደር ከወንበራቸው ተነሡ። ይህን ቃል ዕድሜ ልካቸውን ተናግረውታል፤ ሰው እንዲህ ከልቡ ሲለው ግን አልሰሙም። ጠረጴዛውን ዞረው መጥተው እጇን ጨበጡ፤ እንዲህ ዓይነት የሥራ ሥነ ምግባር ያላት ሴት በመሸለሟ ጽሕፈት ቤቱ እንደሚኮራ ነገሯት። እሷም እጇን ቀስ ብላ አስለቅቃ ሄደች።

የዝግጅቱ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ከፊት ለስላሳ ወንበሮች ላይ ታላላቆቹ፣ ከመሃል ቤተሰቦቻቸው፣ ከኋላ ደግሞ ማንም ያልጠራቸው ሰዎች ቆመዋል። የአውቶቡስ ሾፌር አለ፤ ነርስ አለች፤ የተኛ ልጅ ትከሻዋ ላይ ያደረገች ሴት አለች። ጌም የሚጫወቱት እነዚህ ነበሩ፤ ስለዚህ ወንበር አልተሰጣቸውም። ተሸላሚው ጌም መድረኩ ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ተከፍቷል። ጆይስቲኩ ቀይ ትራስ ላይ ተቀምጧል። የጋሽ ይደር ባለቤት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ በግራም በቀኝም ጎረቤት አስቀምጠዋል።

ትልቁ ሰው ንግግር አደረጉ። ጨዋታን እንደ ጨዋታ ማየት እንደማይገባ፣ አባቶቻችን ሲጫወቱ ቁም ነገር ያወሩ እንደነበር፣ እኛ ደግሞ ቁም ነገር ስናወራ እየተጫወትን መሆኑን ገለጹ። ጭብጨባው ረጅም ነበር፤ የመጨረሻውን አባባል በደንብ የሰማ አልነበረም። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ መድረክ ተጠራች። ትልቁ ሰው ዋንጫውን ከማስረከባቸው በፊት ዞር ብለው ስክሪኑን አዩ።

«ግሩም ነው» አሉ። «ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይጠብቃል፣ ክቡርነትዎ» አለች የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ።

«ከዚያስ?»

ይህን ጥያቄ በዚያ ተቋም ማንም ጠይቆ አያውቅም። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ የሕግ አማካሪውን አየችው። የሕግ አማካሪው ጋሽ ይደርን አያቸው። ጋሽ ይደር የሚያዩት ሰው አጡና ሴትዮዋን አዩ። እሷም ከትራሱ ላይ ጆይስቲኩን አንስታ እጃቸው ላይ አኖረችው።

«አንዴ ይጫኑት።»

«የቱን?» አሉ በሹክሹክታ።

«የፈለጉትን።»

በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ «የፈለጉትን» ብሏቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የተለመደው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ። ትልቁ ሰው ግን ዓይናቸውን አልነቀሉላቸውም፤ አለቃ እያየ ይደር አይባልም። ጋሽ ይደር የወታደሩን ነፍስ አስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫኑ።

ማንም አልሞተም። ሰውየው ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ አደረገና ብድግ አለ።

አዳራሹ ውስጥ የመገረም ድምፅ አለፈ። ጋሽ ይደር ዓይናቸውን ሲገልጡ ሰውየው ቆሟል። አውራ ጣታቸው ሳያስቡት ተንቀሳቀሰች፤ ሰውየው ወደ በሩ ሄደ። ያ ሁሉ ጊዜ ሲጠብቀው የኖረው በር ሲገፋ ተከፈተ፤ ለካ አልተቆለፈም ነበር። ኮሪደር፣ ደረጃ፣ ከዚያ መንገድ። ዝናቡ አባርቷል። አንድ ውሻ ከኋላው ተከተለው። ጋሽ ይደር ሌላ ቁልፍ ነኩ፤ ሰውየው መንገድ ዳር ለቆመች ጋዜጣ ሻጭ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሣት። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ይደር እንደገና ነኩት፤ ይህኛው ግን በስህተት አልነበረም። ለመብራት ምሰሶው እጅ አስነሡት፤ ለውሻው አስነሡት። ከኋላ ያ የአውቶቡስ ሾፌር «ወደ ግራ አባባ፣ ወደ ግራ ይያዙ» ሲላቸው ከማን ጋር እንደሚነጋገር ሳይጠይቁት ወደ ግራ ያዙ። የሆነ የድልድይ ጫፍ ታየ። ፈገግ ብለው ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች የጋሽ ይደርን ጥርስ ያኔ ነው ያዩት።

ትልቁ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይሄ ሰውዬ ተቀምጦ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር፣ ክቡርነትዎ» አሉ ጋሽ ይደር።

«ማን አስነሣው?»

ሳቁ ቆመ። ከኋላ ያሉት የበለጠ ለማየት ወደፊት መጠጋታቸውን፣ ከመሃልም አንዳንዱ ከወንበሩ መነሣቱን ትልቁ ሰው አዩ፤ ነገሩ አላማራቸውም። ጋሽ ይደር ሰውየውን አዙረው በመንገዱ፣ በደረጃው፣ በኮሪደሩ አጣድፈው መለሱት። በበሩ አስገቡት። አግዳሚው አጠገብ አቆሙት። ያላቸውን ቁልፍ በሙሉ ተጫኑ። ሰውየው ለአግዳሚው ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሣ እንጂ አልተቀመጠም። ላብ በአንገታቸው እየወረደ ወደ ሴትዮዋ ተጠጉ።

«እንዴት ነው የሚቀመጠው?»

«አይቀመጥም» አለች። «አንዴ ከተነሣ እንዲቀመጥ አልሠራነውም።»

በዚህ ጊዜ የሕግ አማካሪው ከጀርባ መጥቶ ጆሯቸው ሥር፣ ለማስተማሪያ ነው ይበሏቸው አላቸው። ጋሽ ይደር ባለቤታቸውን ፈልገው አዩ። ባለቤታቸው በሚነጉድ አውቶቡስ ውስጥ እንዳለ ሰው የቦርሳቸውን ማንገቻ በሁለት እጅ ይዘዋል፤ ጎረቤቶቻቸው በግራና በቀኝ መድረኩን ሳይሆን እሳቸውን ያያሉ። ስክሪኑ ላይ ሰውየው ቆሞ ክፍት በሩን ያያል። የሚያስፈልገው አንድ አውራ ጣት ነበር።

ጋሽ ይደር ጆይስቲኩን ትራሱ ላይ መለሱና ወደ ማይክሮፎኑ ሄዱ።

«ክቡርነትዎ» አሉ፣ «ቁልፍ ሲነካ ምን ዓይነት መዘዝ እንደሚመጣ በተግባር ለማሳየት ነው።»

ትልቁ ሰው ፊታቸው ፈታ አለ። እንዲህ ያለ ትምህርት በንግግር ሊሰጥ እንደማይችል፣ ራሱን ለአደጋ አጋልጦ የሚያስተምር ኃላፊ ከስንት አንዴ እንደሚገኝ ተናገሩ። ጋሽ ይደር ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ቋሚ ኃላፊ ናቸው አሉ። ጭብጨባ ሆነ። የሕግ አማካሪው ቀጥሎ፣ ዋንጫው የሚሰጠው ቁልፉ እስከተነካበት ቅጽበት ድረስ ላለው የጌሙ ክፍል ብቻ መሆኑንና ከዚያ በኋላ ለታየው ሁሉ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ ግልጽ አደረገ። ሴትዮዋ ሰው «ያዥልኝ» ብሎ የሰጣት ጃንጥላ ይመስል ዋንጫውን ተቀበለች።

ቋሚ ኃላፊው የመጀመሪያ መመሪያቸውን እዚያው ሰጡ። ድምፃቸው ውስጥ የተጠባባቂነት ቅሪት አልነበረም። ከእንግዲህ ዳኛ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ፣ በማንኛውም ሁኔታ፣ ምንም ዓይነት ቁልፍ አይጫንም አሉ። የዚህም ጭብጨባ ሞቅ ያለ ነበር።

«በጣም ጥሩ» አሉ ትልቁ ሰው ለመውጣት እየተነሡ። «በሉ አሁን ያንን ነገር አጥፉት።»

ቴክኒሻኑ እጁን ወደ ማጥፊያው ዘረጋና አየር ላይ አቆመው። ማጥፊያውም ቁልፍ ነው። የሕግ አማካሪውን ጠየቀው። የሕግ አማካሪው መመሪያው ምንም ዓይነት ማለቱን፣ ምንም ዓይነት ሲባል ደግሞ ሁሉንም እንደሚያጠቃልል አረጋገጠለት። ሶኬቱ ይነቀል ተባለ። ሶኬቱ ከተነቀለ ግን የአዳራሹ መብራት አብሮ ይጠፋል፤ ትልቁ ሰው በጨለማ ሊሸኙ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ስክሪኑ በመጋረጃ ይሸፈን የሚል ሐሳብ አመጣች፤ መጋረጃውን የሚስበው ሞተር በቁልፍ ይሠራል። ጋሽ ይደር መመሪያውን እንዲያሻሽሉ ተጠየቁ። በጸደቁ በዚያው ሰዓት የመጀመሪያ መመሪያቸውን ቢሽሩ ወላዋይ እንዳይባሉ ፈሩና እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለዚህ ጌሙ በክብር እንደበራ ቀረ።

ትልቁ ሰው ወደ ሊፍቱ ተሸኙ። ሊፍቱ ፊት አጃቢው ሁሉ ቆመ። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መጫን አይችሉም፤ ትልቁ ሰው ደግሞ ከተሾሙ ወዲህ የሊፍት ቁልፍ ተጭነው አያውቁም፤ የቱ ወደ ታች እንደሚያወርድም ተረስቷቸዋል። ጥቂት ከቆሙ በኋላ ደረጃ ለጤና ጥሩ ነው አሉ። ጋሽ ይደር ክርናቸውን ደግፈው፣ ከአሥረኛው ፎቅ ጀምሮ በየእርከኑ አረፍ እያሉ፣ ምድር አደረሷቸው። መኪናው ሲሄድ እጅ ነሡና ባለቤታቸውን ለመውሰድ ያንኑ ደረጃ ወደ ላይ ተያያዙት። እንኳን ደስ ያለዎት የሚላቸው ወሬ ወዳድ ጎረቤት በየፎቁ የሚጠብቃቸው መስሏቸው ነበር፤ በደረጃው ላይ ሰው አልነበረም።

አዳራሹ ግን ጢም እንዳለ ነው። ለስላሳዎቹ ወንበሮች ባዶ ናቸው። ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ በግድግዳው ጥግ ተሰልፎ፣ ሰልፉ ከመድረኩ ሥር ተነሥቶ አዳራሹን ዞሮ በሩ ድረስ ደርሷል። አብዛኛው ሰልፈኛ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ስላልሆነ መመሪያው አይመለከተውም። አንዱ ሰውየውን ድልድዩን ያሻግረዋል፤ ጆይስቲኩን ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ገበያ ያስገባዋል። የተኛ ልጅ የያዘችው ሴት በአንድ እጇ ተራራ አስወጥታው ተመለሰች።

ከሰልፉ መጨረሻ የሕግ አማካሪው ቆሟል። ጋሽ ይደርን ሲያይ ሳይጠየቅ፣ መሰለፍ መጫን አይደለም አለ። ከእሱ ፊት ደግሞ ጌሙን የሠራችው ሴት ነበረች። ዋንጫውን እግሯ ሥር አስቀምጣለች።

«አንቺም ትሰለፊያለሽ?» አሏት ጋሽ ይደር፣ ከድካማቸው የተነሣ አዲሱን ማዕረጋቸውን ረስተው። «መጨረሻው ላይ ምን አለ? ለእኔ እንኳ ሹክ በይኝ።»

«ተራዬ ሲደርስ ነው የማየው» አለች። ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። ዛሬ ቦርሳዋን አጥብቃ አልያዘችም።

ጋሽ ይደር ሰልፉን እየታከኩ ወደፊት ሄዱ። ሰውየው ስክሪኑ ላይ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ለሚያልፉት ወፎች ሁሉ ባርኔጣውን እያነሣ እጅ ይነሣል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። ማን ነው ይህን ያህል የሚጫወትበት ብለው አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ፣ ጆይስቲኩን በሁለት እጃቸው የያዙት ባለቤታቸው ናቸው። ጎረቤቶቻቸው በግራና በቀኝ ቆመው ይመክሯቸዋል።

ጋሽ ይደር ደስታቸውን ለመካፈል ባለቤታቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ ነይ እንሂድ፣ ቤት እንግዳ ይመጣል አሉ። ባለቤታቸው መጫወታቸውን ሲቀጥሉ ዝቅ ብለው፣ ግድ የለም እንግዲያው፣ አንዴ ብቻ ስጪኝና ያቺን ድልድይ ልየው አሉ። ባለቤታቸው ፊታቸውን ሳያዞሩ ለአንዲት ወፍ ባርኔጣ አስነሡ።

«አንተማ ጸድቀህ» አሏቸው፣ «ከእንግዲህ ምን ያስቸኩልሃል? ሂድ ከኋላ ተሰለፍ።»

የሰፈሩ ሰው እየሰማ ነበር። ቋሚ ኃላፊው ጃኬታቸውን አስተካከሉ፣ የባለቤታቸውን አስተያየት በጥሞና መቀበላቸውን ራሳቸውን ነቀነቅ አድርገው ገለጹ፤ ከዚያም በዕድሜ ልካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጉዳይ ሳያሳድሩ ወዲያው ፈጸሙ፤ ሄደው ከሕግ አማካሪው ኋላ ተሰለፉ።